የዳማ ጉሮሮና የጂኑ ወሬ፦ «የዘረመል ጥናት ቅንጦት ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ላከልኝ። ከአራቱ አንዱ አጎቴ ነው። አዘዞ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ጋሪ የነዳ ሰው ነው። ጽሑፉን የላከልኝ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ተምረህ የለ፣ በል መልስ ስጥ» ብሎ ነው። እንግዲህ ታዘዝኩ።

ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉሮሮ እብጠት ነው። ሐኪሞቹ ስትራንግልስ ይሉታል። ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ ጸሐፊው በሽታው የብርድ ነው ይላሉ። አባቶቻችን ከፋሲል ዘመን ጀምሮ በጋለ ብረት ሲያድኑት ኖረዋል፤ ፈረንጅ የጀርሙን ጂን (ዘረመል) እየቆጠረ ገንዘብ የሚያፈሰው ሥራ ስላጣ ነው፤ በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም። ወረድ ብለው ደግሞ ጀርሙ ከሰው ጉሮሮ ጀርም ጋር ሰማንያ በመቶ ስለሚመሳሰል ነገ የልጆቻችንን ልብ ይጨርሳል ይላሉ። ክትባቱ የፈረሱን ዘር ይለውጣል ይላሉ። አንዴ ያገገመ ፈረስ ግን ምንም አያሰጋም ባይ ናቸው።

«አይተላለፍም» እና «ልጆቻችንን ይጨርሳል» አንድ ገጽ ላይ! አጎቴ ይሄን ሲያነብ ሳይስቅ አልቀረም።

እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም። ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ፣ ልጅነቱን ጋሪ ላይ ተቀምጦ ያሳለፈ ሰው ነኝ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ ክፉ ሰው ናቸውም አልልም። ግን የተሳሳቱት ነገር የባለጋሪን ኪስ የሚነካ ነው።

ከብርዱ ልጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። በሽታውን የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ኢኩዋይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ሹትዝ የሚባል ጀርመናዊ በ1888 ገልጾታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የብርድ ቢሆን ኖሮ ዳባትና ደባርቅ ላይ ጤነኛ ፈረስ ባልተገኘ ነበር። ምን እንዳሳሳታቸው ግን ይገባኛል። ፈረሱ መጀመሪያ ያተኩሰዋል፣ መኖውን ይተዋል፣ ንፍጡ ይዝረከረካል። ጉንፋን ነው የሚመስለው። ከዚያ አገጩ ሥር ያለው ንፍፊት ያብጥና ይፈርጣል፣ መግሉ ይወርዳል። አንዳንዱ ላይ እብጠቱ ትንፋሽ እስከማሳጣት ይደርሳል፤ የእንግሊዝኛ ስሙም ከመታነቅ የመጣ ነው። ምልክቱ የሚታየው በሽታው ከተጋባበት በኋላ ባብዛኛው ከ3 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰውየው ትናንት ዝናብ መታው ይላል እንጂ የዛሬ ሳምንት ከማን ጋር ውሃ እንደጠጣ አያስታውስም።

አሁን ወደ ቅንጦቱ።

በ2009 እንግሊዝ አገር ያለው የሳንገር ኢንስቲትዩት ከእንስሳት ጤና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የዚህን ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዘር መመሪያውን በሙሉ፣ አንብቦ አወጣ። 2.25 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው። ጎን ለጎን ደግሞ የዘመዱን አነበቡ፤ ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒዴሚከስ ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዙኤፒ ልበለው፣ ይቅር በሉኝ። ዙኤፒ ፈረስ ጉሮሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያደርግ የሚኖር ነው። አጋጣሚ ሲያገኝ ግን ፈረስ፣ ላም፣ ውሻ፣ ሰው አይልም፣ ሁሉንም ያሳምማል። ሁለቱ ባክቴሪያዎች ከ97 በመቶ በላይ አንድ ናቸው። ንጽጽሩ ያሳየው ነገር ግልጽ ነው፦ የእብጠቱ ጀርም የዙኤፒ ልጅ ነው። ከወላጁ ቤት ወጥቶ ፈረስ ላይ ብቻ መኖር የመረጠ ልጅ።

ሲወጣ የጣለው ዕቃ አለ፣ በመንገድ ያነሳውም አለ። የጣለው ለምሳሌ ላክቶስና ሶርቢቶል የሚባሉትን ስኳሮች የሚበላበትን ጂን ነው። ያነሳው ደግሞ የሚገርም ነው። ባክቴሪያን የሚያጠቁ ፌጅ የሚባሉ ቫይረሶች አሉ፣ እነሱ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ጂን ያመላልሳሉ። በእነሱ ጀርባ የመጡ የመርዝ ጂኖች አገኘ። መርዞቹ የፈረሱን የመከላከያ ኃይል ያለ ልክ አንጫጭተው አቅጣጫ ያስቱታል። ከሌላ ቦታ ደግሞ ከፈረሱ ሰውነት ብረት የሚነጥቅበትን መሣሪያ አመጣ። ያለ ብረት ባክቴሪያ አያድግምና ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከስትሬፕቶኮከስ ወገን እንዲህ ዓይነት የብረት መንጠቂያ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ታዲያ ይሄ ለጎንደር ምን ይረባል?» ነው የጸሐፊው ጥያቄ። ይረባል። እብጠቱ ላይ ያለው ዋናው ጀርም ነው ወይስ ዘመዱ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ልዩነት ነው። አንድ ላብራቶሪ ሌላው ቢቀር ባክቴሪያውን አሳድጎ የስኳር ቱቦ ውስጥ ያስገባዋል። ላክቶሱንና ሶርቢቶሉን ከበላ ዙኤፒ ነው፤ ሁለቱንም ካልነካ፣ ትሬሃሎስ የሚባለውንም ከተወ፣ ያ ፈረስ ከሌሎቹ ይለያል። እዚህ ላይ አልዋሽም፣ የስኳሩ ምርመራ ከጂኖሙ በፊትም ይታወቅ ነበር። ጂኖሙ የነገረን ለምን እንደማይበላው ነው። ቀጥሎም እነዚያ በመንገድ የተነሱት ጂኖች ዙኤፒ ላይ ስለማይገኙ ፒሲአር ለሚባለው የጂን ምርመራ ምልክት ሆኑ። ዱሮ ባክቴሪያው እስኪያድግ ቀናት ይጠበቅ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ሳይገኝ ያመልጥ ነበር። አሁን ጂኑን ፈልጎ በሰዓታት ውስጥ ያገኙታል። ቅንጦት ይሄ ከሆነ እኔም ቅንጡ ነኝ።

«ወደ ሰው አይተላለፍም» ስለሚለው። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹን ግን ሳይነገር አይታለፍም። የእብጠቱ ጀርም ራሱ ሰው ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ከጋሪ ፈረስህ ጉሮሮህ ያብጣል ብሎ ማንንም ማስፈራራት አያስፈልግም። ዘመዱ ዙኤፒ ግን ሌላ ነው። ሰው ላይ ማጅራት ገትር፣ የደም መመረዝ፣ የልብ ውስጥ ቁስለት ሲያመጣ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከፈረስ ጋር የሚውል ሰው አንዱ ተጋላጭ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ ጥሬ ወተት ነው።

ብራዚል ውስጥ ኖቫ ሴራና በምትባል ከተማ በ1997 መጨረሻና በ1998 ከመቶ በላይ ሰው በኩላሊት ብግነት ታመመ። ከመካከላቸው የሞቱ አሉ፣ ኩላሊታቸው ደክሞ የደም እጥበት ያስፈለጋቸው አሉ። ተከታትለው ሲያጣሩ ምንጩ ካልተፈላ ወተት የተሠራ አይብ ሆነ፣ ጀርሙም ዙኤፒ። አሁን የጂኑ ሥራ እዚህ ጋ ይመጣል። ያኔ ሐኪሞች ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣውን የኩላሊት ብግነት የሚያስከትለው አንድ የታወቀ ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም ብለው ይጠረጥሩ ነበር። በ2008 የዚያ የብራዚሉ ጀርም ጂኖም ሲነበብ የዚያ ፕሮቲን ጂን ጭራሽ የለም! ያለ እሱም ኩላሊት አሳምሟል። ዓመታት የተለፋበት ጥርጣሬ በአንድ ንባብ ተናጋ፣ ሌላ ተጠርጣሪ መፈለግ ተጀመረ። ጸሐፊው ፈረንጅ ጂን ሲቆጥር ይውላል ያሉት ይሄንን ነው።

በነገራችን ላይ የእኛ አይብ እሳት ያየዋል። አሬራው ሳይሞቅ አይብ አይሆንም፣ እናቶቻችን ይመስገኑ። ጥሬ ወተትና እርጎ ግን እሳት አያዩም። ጋጣው አንድ በሆነበት ቤት፣ ላሟም ፈረሱም ጎን ለጎን በሚያድሩበት፣ የፈረሱን ንፍጥ በጠረገ እጅ ላም ማለብ የለም አትበሉኝ። አጎቴ ቤት አይቼዋለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ሰማንያው በመቶ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ፣ ቁጥሩም ልክ ነው። ዙኤፒና የሰው ጉሮሮ የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂነስ ሰማንያ በመቶ ገደማ ይመሳሰላሉ። ስህተቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ግዕዝ፣ ትግርኛና አማርኛ ፊደላቸው አንድ ነው፣ ስንት ቃል ይጋራሉ። እኔ ግን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ግማሹ አይገባኝም። መመሳሰል መተካካት አይደለም። የልጆቻችንን ልብ የሚጎዳው የሩማቲክ በሽታ ምንጩ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ፓዮጂነስ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው እንጂ ፈረሱን መሸጥ ምንም አይፈይድም። ይሄን የምለው በቁጣ ነው፣ ምክንያቱም አንዲት እናት ጽሑፉን አንብባ የልጇን ቶንሲል ትታ ጋጣውን ስታጸዳ ብትውል ማን ይጠየቃል?

ደግሞ ሰማንያው በመቶ ለእኛ የሚያስደስት ወሬ ነበር። በፌጅ ጀርባ መጡ ያልኳቸው የመርዝ ጂኖች የሰውም ጉሮሮ ጀርም ላይ ዘመዶቻቸው አሉ። ሁለቱ ጀርሞች ዕቃ ይዋዋሳሉ ማለት ነው። ስለዚህ የፈረሱን ጀርም ያጠና ስለ ሰውም ጀርም እግረ መንገዱን ይማራል። የፈረስ ጥናት ለሰው ሐኪም የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ «ካገገመ አበቃ» የሚለው። ሌላውን ሁሉ ትቼ ይሄን ብቻ ብጽፍ ይበቃኝ ነበር።

አጎቴ ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው፣ በመልኩ ነው የተሰየመው። ክረምት መግቢያ ላይ ታመመ። አገጩ ሥር አበጠ፣ ፈረጠ፣ ቀስ በቀስ ዳነ። አጎቴ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እየያዘ፣ አጃ እየቀቀለ በእጁ አጎረሰው። ከአንድ ወር በኋላ ዳማ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ጸጉሩ ያበራል፣ ደስ ይላል። ተራ የሚጠብቁት ጋሪዎች ዘንድ አንድ ባልዲ አለ፣ ሁሉም ፈረስ በሱ ነው የሚጠጣው። ሌሎቹ ባለጋሪዎች «እንኳን ማረልህ» ብለው ዳማን አስቀድመው አጠጡት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ፈረሶች አበጡ። አንደኛው ሞተ። የፈረሱ ባለቤት ሦስት ልጆች አሉት፣ ያ ፈረስ የቤቱ እንጀራ ነበር። ሁሉም የረገሙት ብርዱን ነው። ዳማን የጠረጠረ አልነበረም። እኔም ብሆን አልጠረጠርኩም፣ ያኔ ተማሪ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረስ ከጆሮው ወደ ጉሮሮው በሚሄደው ቱቦ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ትልልቅ የአየር ከረጢቶች አሉት። ከውስጥ ያበጠው ንፍፊት ወደዚያ ከረጢት ሲፈርጥ መግሉ ሁሉ አይወጣም። የቀረው ይደርቅና እንደ ጠጠር ይሆናል፣ ጀርሙም እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ካገገሙት ፈረሶች እስከ አስር በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ። ትኩሳት የለም፣ ንፍጥ የለም፣ ጸጉሩ ያበራል። ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት፣ አልፎ አልፎ ጀርሙን ወደ ውሃው ይለቀዋል። ከውጭ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ሐኪምም ቢሆን። ከረጢቱን አጥቦ በፒሲአር ማየት ነው መፍትሔው።

ለዚህ ነው የጂኑ ጥናት የገረመኝ። በ2015 የወጣው ጥናት በተሸካሚ ፈረሶች ውስጥ የቆየው ጀርም ምን እንደሚሆን አሳየ። ከረጢቱ ውስጥ ተደላድሎ ሲከርም አንዳንድ ጂኖቹን እየጣለ ይሄዳል። ጥቃት ላይ የሚያስፈልገው መሣሪያ ለመደበቅ አያስፈልግማ። ያው ጥናት ሌላም ነገር አወጣ፦ ዛሬ በዓለም ላይ የሚዞሩት የበሽታው ጀርሞች የጋራ አያታቸው በ19ኛው ወይም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የኖረ ነው። በሽታው ራሱ ግን በ1251 አውሮፓ ውስጥ በጽሑፍ ተገልጾ ይገኛል። ታዲያ በመካከሉ ምን ሆነ? ያ ጊዜ ፈረስ በገፍ ለጦርነት የሚጓጓዝበት፣ ከየአገሩ ተሰብስቦ አንድ ካምፕ የሚያድርበት ጊዜ ነው። አንዱ ዝርያ በዚያ ግርግር ተዛምቶ የቀድሞዎቹን ሳይተካቸው አልቀረም።

ስለዚህ «ከፋሲል ዘመን ጀምሮ አብረነው ኖረናል» የሚለው ወግ ነው። ፈረስ ለጎንደር ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ፋሲል መዋኛ አጠገብ የፈረሱ የዞብል መቃብር ነው የሚባለውን ግንብ ልጅ ሆኜ ዙሪያውን ሮጬበታለሁ፣ ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ግን የዞብል ዘመን ጀርምና ዛሬ በዓለም የሚዞረው አንድ ናቸው የሚል ማስረጃ ጸሐፊው የላቸውም፣ ያለው ማስረጃ ወደ ሌላ ነው የሚጠቁመው።

በ2021 ደግሞ ከ19 አገሮች የተሰበሰቡ 670 ናሙናዎች ጂኖም ተነጻጸረ። ባሕር ተሻግረው የሚገኙ ፈረሶች ላይ እጅግ የሚቀራረብ ጀርም ተገኘ። ፈረስ በአውሮፕላን ሲጓዝ ጀርሙም አብሮ ይሳፈራል፣ ጤነኛ መስሎ። እነሱ ጋ አውሮፕላን ነው፣ እኛ ጋ ቅዳሜ ገበያ ነው። ከገበያ የተገዛ፣ የሚያምር፣ ጥርሱ የታየ ፈረስ በማግስቱ ከሌሎቹ ጋር አንድ ገንዳ ላይ ይቆማል። ጉሮሮውን ማን አየ?

የክትባቱ ነገር ረጅም አይደለም። በ2021 አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደው ስትራንግቫክ የሚባለው ክትባት የተሠራው ከጀርሙ ከተመረጡ ፕሮቲኖች ነው። ሕይወት ያለው ጀርም የለበትም፣ ወደ ፈረሱ የሚገባ ጂንም የለበትም። የፈረሱን ዘር የሚለውጥበት መንገድ የለውም። እንዲያውም ጂኖሙ ባይነበብ የትኛው ፕሮቲን እንደሚጠቅም መምረጥ እጅግ ከባድ ይሆን ነበር። አንድ ጥሩ ነገርም አለው፦ የተከተበ ፈረስና በሽታው የያዘው ፈረስ በምርመራ ይለያሉ። ዋጋው ለባለጋሪ ከባድ ነው ቢሉኝ እስማማለሁ። ያንን ቢጽፉ አጨበጭብላቸው ነበር።

የጋለ ብረቱስ? እዚህም ግማሽ ልስጣቸው። ሙቀት ጥሩ ነው፣ እብጠቱን አብስሎ እንዲፈርጥ ያግዛል፤ አጎቴ በሙቅ ጨርቅ ያደረገው ትክክል ነበር። ቆዳ መተኮስ ግን ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ፔኒሲሊንም ቢሆን፣ ጀርሙን በላብራቶሪ በደንብ ይገድለዋል፣ መግል የሞላ እብጠት ውስጥ ግን በቀላሉ አይገባም። አንድ መርፌ ወግቶ ማግስቱን ጋሪ ላይ መጥመድ ለፈረሱም ለባለቤቱም አይበጅም። መቼ እንደሚሰጥ ለሐኪሙ መተው ነው።

«ይሁን፣ ታዲያ ባለጋሪው ምን ያድርግ?» ካላችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ጂን ውስጥ የሚወጣው ሥራ ርካሽ ነው። አዲስ ፈረስ ለሦስት ሳምንት ለብቻ ይቁም። የታመመው ካገገመ በኋላም እንደዚያው፣ ከተቻለ ምርመራ ተደርጎለት። ትኩሳት ጀርሙ መውጣት ከመጀመሩ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ስለሚታይ፣ በሽታ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን በየቀኑ መለካት ጊዜ ይገዛል። ቴርሞሜትር ከአንድ ኮርቻ በጣም ያነሰ ዋጋ ነው ያለው። የታመመውን የሚያስታምም ሰው ጤነኞቹን አስቀድሞ ያብላ፣ በመጨረሻ ወደ ታመመው ይሂድ፣ እጁን ይታጠብ። ላም የሚያልብ ከሆነማ ሁለቴ ይታጠብ፣ ወተቱንም ያፍላ።

አጎቴ ዛሬ ጋሪ አይነዳም፣ ጉልበቱ ደክሟል፣ ፈረሱን ልጁ ነው የሚይዘው። ልጁ ባልዲውን በቀይ ቀለም ቀብቶታል። ባለፈው ሳምንት ተራ ላይ አንዱ ባለጋሪ «ያቺን ባልዲ አንዴ አቀብለኝ፣ ፈረሴ ተጠምቶ ነው» አለው። አጎቴ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሆኖ ጮኸ፦ «ውሃውን ገልብጥለት፣ ባልዲዋን ግን እንዳትሰጠው!»